ዩኒቨርሲቲ ዲቪዚዮን ሲያድግ ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

የአንድ ወዳጄ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የመጀመሪያው ቢል የመጣ ዕለት አባትየው ደወለልኝ። ቱሽኑን (የትምህርት ክፍያውን) አስቀድሞ አውቆታል። ዶርሙንና ምግቡንም ጠብቆታል። ከሥር ግን በሺህ የሚቆጠር ዶላር "የተማሪ ክፍያ" ተብሎ ተቀምጧል። ቢጠይቅ፣ ቢያጣራ፣ ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የስፖርት ሆኖ አገኘው። "ልጄ እኮ ኳስ የሚባል ነገር ነክታ አታውቅም" አለኝ። "የማንን ነው የምከፍለው?"

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። በየዓመቱ አንድ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የፉትቦል ቡድናቸውን ወደ ላይኛው እርከን ለማሳደግ ይነሳሉ። ዜናው ሲወጣ ደጋፊ ይጨፍራል፣ ፕሬዚዳንቱ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ "አዲስ ምዕራፍ" ያወራል። ቢሉ የሚመጣው በኋላ ነው።

ነገሩን በአንድ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ልከተለው። ሃሪሰንበርግ፣ ቨርጂኒያ የሚገኘው ጄምስ ማዲሰን ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ይርቃል፤ ከአሌክሳንድሪያና ከፌርፋክስ የሚሄዱ የእኛ ልጆችም ይማሩበታል። የመረጥኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። በቅርብ ዓመታት ካደጉት ሁሉ እንደሱ የተሳካለት የለም ማለት ይቻላል። የተሳካለት የከፈለውን ካየን የሌሎቹን መገመት አይከብድም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የትኛው ፉትቦል?

የምናወራው ስለ እኛ እግር ኳስ አይደለም። ሄልሜትና የትከሻ መከላከያ አድርገው፣ ሞላላ ኳስ በእጃቸው ይዘው ስለሚጋጩት ነው። ሜዳ ላይ በአንድ ወገን 11 ሰው ይቆማል። ነገር ግን የሚያጠቃው ቡድን ሌላ፣ የሚከላከለው ሌላ ነው፤ ኳስ በእግር ለመምታት ብቻ የሚገባም አለ። ስለዚህ አንድ ቡድን መቶ አካባቢ ተጫዋች ይይዛል። መቶ ሰው ማብላት፣ ማልበስ፣ ማሳከም፣ በአውሮፕላን ማመላለስ። ከዩኒቨርሲቲ ስፖርቶች ሁሉ ፉትቦል ውድ የሆነው ለዚህ ነው።

እርከኖቹ እንዴት ተከፈሉ?

የአሜሪካን የዩኒቨርሲቲ ስፖርት የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ ይባላል። ሦስት ዲቪዚዮኖች አሉት። አንደኛው ዲቪዚዮን በፉትቦል ብቻ ከ1978 ጀምሮ እንደገና ለሁለት ተከፍሏል። የላይኛው ዛሬ ኤፍቢኤስ፣ የታችኛው ኤፍሲኤስ ይባላል። ስሞቹ ምላስ ያደክማሉ፤ እኔ "ላይኛው" እና "ታችኛው" ብዬ እቀጥላለሁ።

ላይኛው ውስጥ በ2025 136 ቡድኖች ነበሩ። አላባማን፣ ኦሃዮ ስቴትን፣ ሚሺጋንን የመሳሰሉ በቴሌቪዥን የምናያቸው ግዙፎች እዚህ ናቸው። እስከ 2025 ድረስ የላይኛው ቡድን 85 ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይችል ነበር። የታችኛው 63።

የአጨራረሱም መንገድ ይለያያል። ታችኛው እርከን በጥሎ ማለፍ ይጨርሳል፤ 24 ቡድኖች ገብተው አንዱ ዋንጫ ይበላል። ላይኛው ለረጅም ዘመን የኖረው "ቦውል" በሚባሉ የዓመት መጨረሻ ጨዋታዎች ነው። በ2014 አራት ቡድኖች የሚገቡበት ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የሻምፒዮናው ጥሎ ማለፍ፣ ተጀመረ። በ2024 ደግሞ ወደ 12 ሰፋ። ይህ 12 የሚለው ቁጥር ኋላ ያስፈልገናል።

ዋንጫ የበላ በራሱ አያድግም?

አያድግም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሀገር ከፍተኛ ሊጉን ያሸነፈ ክለብ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያልፋል፤ ፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ መጨረሻ የወጣ ይወርዳል። ሜዳው ይፈርዳል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ኖርዝ ዳኮታ ስቴት ከ2011 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት ዘጠኝ ጊዜ የታችኛው እርከን ሻምፒዮን ሆኗል። አንዱም ዋንጫ ወደ ላይ አላሻገረውም።

ለማደግ መጀመሪያ ግብዣ ያስፈልጋል። ግብዣው የሚመጣው ከኮንፈረንስ ነው። ኮንፈረንስ ማለት እርስ በርስ የሚጋጠሙ፣ የቴሌቪዥን ገንዘብ አብረው የሚካፈሉ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ነው። እንደ ትልቅ እቁብ ማሰብ ይቻላል። ዕጣ ለመብላት መጀመሪያ አባላቱ ሊቀበሉህ ይገባል። እነሱም ያያሉ፦ መክፈል ይችላል? ከተማው ትልቅ ነው? እሱ ሲገባ የእኛ ድርሻ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ካሊፎርኒያ ያለው ሳክራሜንቶ ስቴት ያለ ኮንፈረንስ ግብዣ ብቻዬን ልደግ ብሎ ጠየቀ። በ2025 ኤንሲኤኤ አይሆንም አለው።

ቀጥሎ የማመልከቻ ገንዘብ አለ። እስከ 2023 ድረስ 5,000 ዶላር ነበር። ዛሬ 5 ሚሊዮን ነው። የትየባ ስህተት አይደለም፤ አንድ ሺህ እጥፍ ነው የጨመረው። በሩ ላይ ሰልፉ ስለበዛ መግቢያውን አስወደዱት ማለት ነው። በዚያው ውሳኔ ሌላም መስፈርት ተጨመረ፦ በሁሉም ስፖርቶች ተደምሮ በዓመት ቢያንስ 210 ስኮላርሺፕ መስጠት፣ ለዚህም ቢያንስ 6 ሚሊዮን ዶላር ማውጣት። በአንጻሩ በየጨዋታው በአማካይ 15,000 ተመልካች ይኑር የሚለው የቆየ ሕግ ተሰረዘ። ማለትም ስታዲየሙ ባዶ ቢሆንም ችግር የለም፤ ካዝናው ባዶ መሆን ግን አይችልም።

ይህን ሁሉ ያሟላ ደግሞ ሁለት ዓመት "የሽግግር ጊዜ" ይጠብቀዋል። ይጫወታል፣ ያሸንፋል፣ ግን ቦውል የመግባት መብት የለውም።

ጄምስ ማዲሰን ምን ገጠመው?

በታችኛው እርከን ስሙ የተፈራ ቡድን ነበር። በ2004 እና በ2016 ዋንጫውን ወስዷል። 25,000 ሰው ገደማ የሚይዝ ስታዲየም አለው፤ ይሞላልም። በኅዳር 2021 ሰን ቤልት የሚባለው የላይኛው እርከን ኮንፈረንስ ጠራው።

የመጀመሪያውን ዋጋ የከፈሉት የፉትቦል ልጆች አልነበሩም። የቆየበት ኮንፈረንስ፣ ሲኤኤ ይባላል፣ "ልትለቁን ከሆነ በመጨረሻው ዓመት የኛን ዋንጫ አትወዳደሩም" አለ። ይህ ሁሉንም ስፖርቶች ነካ። የሴቶቹ የሶፍትቦል (ቤዝቦል መሰል ጨዋታ) ቡድን በ2021 በሀገር ደረጃ እስከ መጨረሻዎቹ ስምንት የደረሰ ነበር። በማግስቱ ዓመት ግን የኮንፈረንሱን ዋንጫ የመጫወት ዕድል እንኳ አጣ። ስለ ማደጉ ማን ጠየቃቸው?

በ2022 ላይኛው እርከን ገባ። አራተኛ ሳምንት ላይ በአፓላቺያን ስቴት 28 ለ 3 ሲመራ ከቆየ በኋላ ተነስቶ 32 ለ 28 አሸነፈው። በዓመቱ መጨረሻ 8 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። የምድቡ አንደኛ ነበር፤ የኮንፈረንሱን ፍጻሜ ግን በሽግግር ላይ ነህ ተብሎ አልተጫወተም።

በ2023 ነገሩ ጦፈ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ዩኒቨርሲቲው ሕጉ ይነሳልን ብሎ ለኤንሲኤኤ አመለከተ። ተከለከለ። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጄሰን ሚያሬስ ሳይቀር ጉዳዩ ውስጥ ገባ፤ እንከስሳለን የሚል ደብዳቤ ጻፈ። በመጨረሻ ያዳናቸው ዕድል ነው። በዚያ ዓመት ለቦውል የሚበቁ ቡድኖች ቁጥር ስላነሰ የጎደለውን ቦታ እንዲሞሉ ተጠሩ። ሄደው በኤር ፎርስ 31 ለ 21 ተሸነፉ።

በዚያ ሽንፈት ላይ አሰልጣኙ አልነበረም። ከርት ሲግኔቲ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ወስዶታል። ከአሥር በላይ ተጫዋቾችም ተከትለውት ሄዱ። ሲግኔቲ ኢንዲያና ላይ የሠራውን ስፖርት የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል፤ በ2025 የውድድር ዘመን ሳይሸነፍ የሀገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ሃሪሰንበርግ ያበሰለውን ኢንዲያና በላው ማለት ነው።

ጄምስ ማዲሰን ግን አልወደቀም። ቦብ ቼዝኒ የሚባል አዲስ አሰልጣኝ አመጣ። በ2025 ሰን ቤልትን አሸንፎ ከ12ቱ አንዱ ሆኖ ፕሌይኦፍ ገባ። የዚያ ዓመት ሕግ ከሁሉም ኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች በደረጃ ለቀደሙት አምስቱ ቦታ ይሰጥ ነበር፤ በዚያ ነው የገባው። ከታችኛው እርከን በወጣ በአራተኛው ዓመት! ኦሪገን ላይ 51 ለ 34 ተሸነፈ። ቼዝኒም ወደ ዩሲኤልኤ ሄደ።

ይህ ከተሳካለት የሚሰማው ታሪክ ነው። ሁለት ጎበዝ አሰልጣኝ አገኘ፣ ሁለቱንም ሀብታሞች ወሰዱበት። ወደ ላይ መውጣት ማለት ከትናንሾቹ አንደኛ መሆንን ትቶ ከትልልቆቹ መጨረሻ አካባቢ መሰለፍ ነው፤ አንገትህን ቀና ባደረግህ ቁጥር ደግሞ ከላይ ያለው ያይሃል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከቴሌቪዥን ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ለግዙፎቹ እውነት ነው። ኢንዲያና ያለበት ቢግ ቴን ኮንፈረንስ በ2023 የጀመረው የሰባት ዓመት የቴሌቪዥን ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ላይኛው እርከን አንድ ቤት አይደለም ግን። ሳሎንና ጓዳ አለው። ሰን ቤልትን የመሰሉ ኮንፈረንሶች ጓዳ ናቸው። ለአባሎቻቸው የሚደርሰው የቴሌቪዥን ድርሻ የአንድ ፉትቦል ቡድንን ወጪ አይሸፍንም።

ቀሪው ከቲኬት፣ ከለጋሾች፣ ከዩኒቨርሲቲው በጀት፣ ከተማሪውም ኪስ ይመጣል። ጄምስ ማዲሰን ውስጥ አንድ ተማሪ በዓመት ለስፖርት የሚከፍለው ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከ20,000 በላይ ተማሪዎች አሉት። ሲባዛ ከ40 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል። በአራት ዓመት አንድ ቤተሰብ ከ8,000 በላይ ይከፍላል። እውነቱን ለመናገር ክፍያው ማደጉ ያመጣው አይደለም። ታችኛው እርከን ላይ እያለም ከባድ ነበር። የትልቅ ቡድን ወጪ የለመደው ገና ከታች ሳለ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ነገሩ ሕግ እስኪወጣለት ደርሷል። በ2015 የወጣው ሕግ የስፖርት ወጪ ከተማሪ ክፍያ የሚሸፈንበትን ድርሻ ገደበ። ለታችኛው እርከን ገደቡ 70 በመቶ ነው። ለላይኛው፣ ከግዙፎቹ ኮንፈረንሶች ውጭ ላለ፣ 55 በመቶ። ግዙፎቹ ደግሞ 20 በመቶ ብቻ። አስተውሉ፦ ስታድግ ወጪህ ይጨምራል፣ ከተማሪ መውሰድ የምትችለው ድርሻ ግን ይቀንሳል። ልዩነቱን ከሌላ ቦታ ማምጣት ግድ ነው። ጄምስ ማዲሰንም ለማደግ የክልሉን የሕግ አውጪ ኮሚሽን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ለኔ ከታሪኩ ሁሉ ጤነኛው ክፍል ይህ ነው። ቢያንስ አንድ የውጭ ሰው ደብተሩን ገልጦ አየው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሀገራችን ክለቦች አብዛኞቹ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። ስታዲየም ገብቶ የማያውቅ ግብር ከፋይም ቡድኑን ያኖራል። እዚህ ግብር ከፋዩን ተማሪው ተክቶታል።

የሴቶቹ ስፖርትስ?

በ1972 የወጣ ታይትል ናይን የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርትም ሴቶችን ከወንዶች እኩል እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል። ፉትቦል የወንዶች ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ብዙ ነው። ከ63 ወደ 85 ስኮላርሺፕ ሲወጣ 22 የወንዶች ስኮላርሺፕ ተጨመረ ማለት ነው። ለምሳሌ አንዱ ስኮላርሺፕ 30,000 ዶላር ቢሆን 660,000 ዶላር ነው። ሚዛኑን ለመጠበቅ በሴቶቹም በኩል መጨመር ያስፈልጋል። ስለዚህ "ፉትቦልን እናሳድግ" የሚል በጀት ሲቀርብ የሁለተኛውን ወገን ወጪ መያዙን መጠየቅ ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ ተረስቶ የሚገኘው እሱ ነው።

ታዲያ ለምን ይፈልጉታል?

ምክንያት አላቸው። አሜሪካኖቹ ስፖርትን "የዩኒቨርሲቲው በረንዳ" ይሉታል። ቤቱ ውስጥ ያለውን ቤተ መጻሕፍት መንገደኛ አያየውም፤ በረንዳውን ግን ያየዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሰዓት ሙሉ ስምህ በቴሌቪዥን ሲጠራ፣ ሌላ ክልል ያለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይሰማዋል። ከክልሉ ውጭ የመጣ ተማሪ ደግሞ ከፍ ያለ ቱሽን ይከፍላል።

ሁለተኛው የቼክ ጨዋታ ነው። ግዙፎቹ በሜዳቸው ቀላል ድል ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ቡድን በገንዘብ ይጋብዛሉ። አፓላቺያን ስቴት በ2007፣ ታችኛው እርከን ላይ እያለ፣ ሚሺጋን 400,000 ዶላር ከፍሎ ጠራው። ሄዶ በመቶ ሺህ ሰው ፊት 34 ለ 32 አሸነፈና ቼኩን ይዞ ተመለሰ። በ2014 አደገ። በ2022 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ለተመሳሳይ ሥራ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለው። እሱንም 17 ለ 14 አሸነፈው። እነዚህ ሰዎች ድግስ ተጠርተው ጋባዡን የሚመቱ ሰዎች ናቸው!

ሦስተኛው ያ 12 ቁጥር ነው። ታችኛው እርከን ላይ ሆኖ ትልቁን ፕሌይኦፍ ማለም አይቻልም። ላይኛው ጓዳ ውስጥ ሆኖ ግን ይቻላል፤ ጄምስ ማዲሰን አሳይቷል።

ያልሆነላቸውስ?

የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በ1998 የታችኛው እርከን ሻምፒዮን ነበር። በ2012 አደገ። የራሱ ስታዲየም ስላልተመቸ የሜዳውን ጨዋታ የሚጫወተው ፎክስቦሮ፣ ከግቢው 90 ማይል ገደማ ርቆ ነበር። ተማሪ ለአንድ ጨዋታ ያን ያህል መንገድ ይሄዳል? በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት 1 አሸንፎ 11 ተሸነፈ፤ ሁለቱንም ዓመት። ከዚያ ከኮንፈረንሱ ተለይቶ ለዓመታት ብቻውን ተንከራተተ። የተመለሰው በ2025 ነው።

አይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማንም ያልደፈረውን አደረገ። በ1996 አድጎ ነበር። ሜዳው 16,000 ሰው የሚይዝ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ነው። ከሰሜን ምዕራብ ጥግ ተነስቶ ጆርጂያና አላባማ ድረስ እየበረረ ይጫወት ነበር። ሰን ቤልት ውሉን አላድስም ሲለው በ2016 "እንወርዳለን" ብሎ አወጀ። ደጋፊው ተቆጣ። የሚያስቀው፣ በዚያው ዓመት ቡድኑ 9 ጨዋታ አሸንፎ ቦውልም በላ። ሆኖም ውሳኔው አልተቀየረም፤ በ2018 ወረደ። ጎረቤቶቹ ወዳሉበት ኮንፈረንስ ተመለሰ። ከ2022 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ የታችኛውን ጥሎ ማለፍ ገብቷል። መውረድ እንደ ውርደት ስለሚታይ ይህን መንገድ የሚጠቅስ ፕሬዚዳንት አልሰማሁም። ለኔ ግን አይዳሆ የሚያሳፍር ነገር አልሠራም።

አሁን ምን ተለወጠ?

በሰኔ 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት የፍርድ ቤት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾች በቀጥታ ገንዘብ እንዲከፍሉ ፈቀደ። በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። 85 የሚለው የስኮላርሺፕ ገደብም ስምምነቱን ለተቀበሉ ቀርቶ የተጫዋች ብዛት ገደብ፣ 105፣ ተተካ። ጓዳ ያሉት ቡድኖች ጣሪያውን አይነኩም። ነገር ግን ጎበዝ ተጫዋች ሲያሳድጉ ሳሎን ያለው ከፍሎ መውሰድ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ለማደግ የሚያስብ ዩኒቨርሲቲ ሂሳቡን በ2022ቱ ጄምስ ማዲሰን ዋጋ ማስላት የለበትም። ያኔ የማመልከቻው ገንዘብ 5,000 ነበር፤ ለተጫዋችም በቀጥታ አይከፈልም ነበር።

የልጄ ዩኒቨርሲቲ ያድግ ከተባለ ምን ልጠይቅ?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ የስፖርት ገቢና ወጪያቸውን ለኤንሲኤኤ ያቀርባሉ፤ ሰነዱ በጥያቄ ለሕዝብ ይሰጣል። ሁለት መስመሮችን መፈለግ ይበቃል፦ ከተማሪ ክፍያ የመጣው፣ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ የተደጎመው። ሁለቱን ደምሮ ከጠቅላላው ገቢ ጋር ማስተያየት ነው። ከዚያ በኋላ የማደጊያው ዕቅድ ላይ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በአምስት ዓመት ውስጥ ወዴት እንደሚሄዱ ተጽፎ እንደሆነ ማየት።

ለወዳጄ ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና "እሺ፣ ይህን ያህል ከከፈልኩ ጨዋታውን መግባትስ?" አለኝ። አጣርቼ ነገርኩት። ልጁ በተማሪ መታወቂያዋ ትገባለች። እሱ ግን ቲኬት መቁረጥ አለበት።